ከፓቲ ታው ኔ ጎን ያለው ወንበር

በፓቲ ታው ኔ መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው አይተኛም። ከኋላ ያሉት አፋቸውን ከፍተው ቢያንኮራፉ የሚወቅሳቸው የለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሥጋ ፋብሪካ ቆመው ያመሹ ናቸው። የፊተኛው ግን ሥራ አለበት። ሥራው ምን እንደሆነ በቃል የተናገረ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀው ነበር።

ታው ኔ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ፓቲ» ከበርማ በተሰደድነው በእኛ በካረኖች ቋንቋ አጎት ማለት ነው። የሥጋ ዘመድ ያልሆነውም ታላቁን ሰው እንዲሁ ስለሚጠራ፣ በዚህ በምዕራብ ካንሳስ ለሚኖረው ካረን ሁሉ ፓቲ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ራሴ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ መኪናው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ነግረውኛል። ቃላቸው በተለያየበት ቦታ መለያየቱን እናገራለሁ።

አባቱ በርማ ጫካ ውስጥ ግንድ የሚጎትት ዝሆን ጠባቂ ነበር። መንደሩ ሲቃጠል ታው ኔ እናቴንና እኔን ይዞ የድንበሩን ወንዝ ተሻገረ። ታይላንድ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ያሳደገኝ እሱ ነው። አሜሪካ ስንገባ እኔ ትምህርት ቤት፣ እሱ ሥጋ ፋብሪካ ገባን። ሥራው የበሬ ትከሻ መቁረጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ጣቶቹ ቢላዋ እንደጨበጡ መንቃት ጀመሩ፤ ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ አንድ በአንድ ትዘረጋለታለች። ኩባያ ሲያነሣ በሁለት እጁ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የምሠራው በአጎራባች ከተማ ባለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ መዝገብ ቤት ነው። የሚሠራ ሰው ሊማር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን መስኮት ነው። እንግሊዝኛ ለማያውቅ እንግሊዝኛ አለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ላልጨረሰ ማሟያ አለ፤ የነርስ ረዳትነት፣ ብየዳ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና አለ። ቀን የሚሠራ ማታ ይማራል፤ ማታ የሚሠራ ጠዋት ይማራል። በወረቀት ላይ ይህ ልክ ነው። ሰው የሚተኛበት ሰዓት ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ቀድሞ ኮሌጁ በፋብሪካው ከተማ፣ በአሮጌ ሱፐርማርኬት ሕንፃ ውስጥ ክፍሎች ነበሩት። ተመዝጋቢ አነሰ ተብሎ ተዘጉ። ከዚያ ወዲህ ምርጫው ሁለት ሆነ፤ በኮምፒውተር መማር፣ ወይም ከአንድ ኩርባ በቀር ቀጥ ባለ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ መምጣት።

ፓቲ ለማሞቂያ ጥገና ሊመዘገብ የመጣ ዕለት በኮምፒውተር እንዲማር አሳየሁት።

«የማሞቂያ ምድጃ በኮምፒውተር ይፈታል?» አለኝ።

«አይፈታም። ግን መንገዱ ይቀርልሃል።»

«እጄ ካልነካው ጭንቅላቴ አይገባውም። ጠዋት ያለውን ጻፊልኝ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ «የከተማችን ትምህርት ቤት ማሞቂያ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ሰርተፊኬት ያለው ሰው። ሥራው ቀን ነው» አለ። «እኔ የምማረው ምን ለመሆን መሰለሽ? ሌሊት ለመተኛት ነው።»

ጻፍኩለት።

በመኪናው አብረውት የሚመጡት ሁለት ነበሩ። ሌር ዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የነርስ ረዳትነት ትማር ነበር። ባው ሜ ብየዳ የሚማር ወጣት ነው፤ በሰው ላይ መቀለድ የሚወድ፣ ወንበር ሲነካ የሚተኛ። እኩለ ሌሊት ካለፈ ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ፓቲ በየደጃፋቸው ጥሩምባ ያሰማል።

ሌር ዋ ከፊት ትቀመጣለች። ጭኗ ላይ ፔርሙዝና ትንሽ ቆርቆሮ ትይዛለች። በቆርቆሮው ውስጥ ኩን አለ፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚታኘክ፣ ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ። የፓቲ አገጭ ወደ ደረቱ ሲወርድ «ተኝተዋል» አትልም። ታላቅን ሰው እንዲህ ማለት በእኛ ዘንድ በአደባባይ ልብሱን እንደ መግፈፍ ነው። ትስላለች። መሳሉ ካልበቃ፣ «ፓቲ፣ ኩን ልጠቅልልልዎ?» ትላለች። ያም ካልሠራ ስለ ዝሆኑ ትጠይቃለች።

«ፓቲ፣ የአባትዎ ዝሆን ያን ጊዜ እንዴት ነበር ያመለጠው?»

ታሪኩን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ፓቲም እንደሚያውቁት ያውቃል። ግን ቀና ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ዛሬ ፓቲን አራት ጊዜ አጎረስሻቸው» ይላል ባው ሜ ከኋላ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሚስታቸው እንዳትሰማሽ።»

«አንተ ተኛ። ለመተኛት አይደል የምትመጣው?»

እንዲህ አንድ ሴሚስተር አለፈ። በሁለተኛው ዩስሌይዲ ተጨመረች። ኩባዊት ናት፤ በፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች፤ መኪናዋ ስለተበላሸ እንዲወስዳት ፓቲን ራሷ ለመነችው። ከኋላ ስትቀመጥ ያቅለሸልሻታል፤ ስለዚህ የፊቱ ወንበር የእሷ ሆነ። ትልልቅ የጆሮ ጌጥ ታደርጋለች፤ ከነሱ ጋር የምትግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ድምፅዋ ግን አልተሰባበረም።

አንድ ጠዋት ከከተማው መቃብር ስፍራ አጠገብ ባለው ኩርባ ላይ የመኪናው ጎማ አስፋልቱን ለቆ ጠጠር ላይ ወጣ። ሌር ዋ ከኋላ ሆና ሳል አሰማች። ዩስሌይዲ ግን መሳል አታውቅም።

«አባዬ! ተኝተሃል!» ብላ ትከሻውን በጥፊ አጮለችው።

ፓቲ መሪውን መለሰ። «አልተኛሁም።»

«አልተኛህም? ዓይንህ ተከድኖ፣ አፍህ ተከፍቶ! እናቴ ተገንዛ እንኳ እንዲህ አላማረባትም! አቁም። አቁም አልኩህ! ወርደህ ፊትህን ታጠብ።»

ፓቲ አቆመ። ከፔርሙዙ ሳይሆን ከውሃው ጠርሙስ አንገቱ ላይ አፈሰሰ፤ ብርዱ ላይ ቆሞ ፊቱን በእጅጌው አበሰ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር። «ይህቺ ሴት ዝሆን ጠባቂ ብትሆን ዝሆኑ አያመልጥም ነበር» አለ።

ከኋላ ማንም አልሳቀም። ሌር ዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ባው ሜ የቀለደው በማግስቱ፣ ዩስሌይዲ በሌለችበት ነው፤ ያም ቀልድ አልነበረም። «ሴትዮዋ የሰው አባት ትመታለች» አለ። ወሬው በእሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ያ ሴሚስተር እስኪያልቅ ዩስሌይዲ በየሳምንቱ ጮኸች፣ ፓቲ በየሳምንቱ ቆመ፣ እነሱም በየሳምንቱ አፈሩ። እሷ ስትገባ ጨዋታ ይቆማል። የምሳ ዕቃ ሲዞር እሷን ይዘላታል።

በበጋው መጨረሻ ለአዲሱ ሴሚስተር መኪናው ወደቆመበት ነዳጅ ማደያ ስትመጣ፣ ፓቲ ቤንዚን ሊከፍል ገብቶ ሳለ ሌር ዋ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«መኪናው ሞልቷል» አለቻት።

ዩስሌይዲ አንገቷን አስግጋ የፊቱን ወንበር አየች። ባዶ ነበር።

«ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«በምን? በመልአክ?»

ዩስሌይዲ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «እሺ» አለች። «እንግዲህ መልአኩ ይጩህለት።»

ሌር ዋ ይህን የነገረችኝ ቃል በቃል ነው። ዩስሌይዲንም ጠይቄያታለሁ፤ ሁለቱም ያሉት አንድ ነው። ለፓቲ ግን ሌላ መኪና እንዳገኘች ነገሩት።

ያ ሴሚስተር የፓቲ የመጨረሻው ነበር። በክፍሉ ከተበላሸ ምድጃ ስለሚወጣ መርዛማ ጋዝ ተማሩ፤ ሽታ ስለሌለው፣ ቀለም ስለሌለው፣ የተኛን ቤተሰብ በአልጋው ላይ እንዳለ ስለሚያስቀረው ጋዝ። አስተማሪያቸው ሆስተትለር፣ «ጋዙን የተነፈሰ ሰው መተንፈሱን አያውቅም። ደህና ነኝ ይላችኋል። እሱን አትጠይቁት» ይላቸው እንደነበር ነግሮኛል። ፓቲ ወዲያው ሁለት የጋዝ ማስጠንቀቂያ ገዝቶ አንዱን ቤቱ፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰቀለ። ሲሞክረው ጩኸቱ ሕፃናትን አስለቀሰ።

«ይህ ዕቃ ይሉኝታ የለውም» አለ ለባው ሜ፣ መሰላሉ ላይ ሆኖ። «ፓስተሩ እየጸለየ ቢሆን እንኳ ይጮኻል። ስም አውጥቼለታለሁ።»

«ማን አሉት?»

«ዩስሌይዲ።»

ባው ሜ ሳቀ። ሌር ዋ መሰላሉን ይዛ ነበር፤ አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት በአንድ ጠዋት ኩርባው ላይ ሌር ዋ ሳል አሰማች፣ ኩን አለች፣ ዝሆኑን ጠየቀች። ፓቲ ዓይኑ እንደተከደነ ቀረ። ያን ጊዜ ያደረገችውን ማመን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። እጇን ዘርግታ፣ እንዳይነቃባት በቀስታ፣ መሪውን በሁለት ጣቷ ይዛ ኩርባውን ራሷ አሳለፈችው። ከዚያ እጇን መልሳ ፔርሙዙን እግሯ ሥር ጣለች። በድምፁ ነቃ። «ወደቀብኝ» አለችው።

ፓቲ ግን ሞኝ አልነበረም። እሑድ ማታ ሚስቱ ጣቶቹን ስታሽለት፣ «ኩርባውን ማለፌን አላስታውሰውም» አላት። «ነገ ሌር ዋን እጠይቃታለሁ። ተኝተው ነበር ካለችኝ ቁልፉን ለባው ሜ እሰጣለሁ፤ እኔ ከኋላ እተኛለሁ። ኮርሱ ሊያልቅ ነው፤ ማንም ቢነዳ ያደርሰኛል።»

ሰኞ ጠዋት ከከተማው እንደወጡ ጠየቃት።

«ሌር ዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእውነት መልሺልኝ።»

«እሺ ፓቲ።»

«ባለፈው ሳምንት፣ ከመቃብሩ አጠገብ። ተኝቼ ነበር?»

ባው ሜ ከኋላ ነቅቶ ሰምቷል። ሌር ዋ ቆርቆሮውን ከፍታ ዘጋችው ይላል። እሷ ይህን አታስታውስም። የምታስታውሰው በጎን ያየችውን ፊቱን ነው፤ ጉንጩ ላይ ያለውን ሽበት፣ መልስ እየጠበቀ መንገዱን የሚያይበትን ዓይን።

«አይ ፓቲ» አለችው። «ሐሳብ ይዞዎት ነበር እንጂ።»

«ሐሳብ?»

«ሐሳብ።»

ፓቲ ረጅም ጊዜ ነዳ። «እንግዲያው ሐሳብ ከሆነ ደህና» አለ። ባው ሜም ከኋላ ቃል አልተነፈሰም።

ቁልፉ እሱው ዘንድ ቀረ።

በኅዳር ወር ፋብሪካው ትእዛዝ በዝቶበት ሠራተኞቹን ከተለመደው አሳልፎ ያቆይ ጀመር። በአንዱ ጠዋት ፓቲ የፋብሪካ ልብሱን ሳይቀይር ነው የመጣው። የሌር ዋ እናት በመስኮት አይታው፣ «ይህ ሰው ቆሞ ነው የሚተኛው» ማለቷን ነግራኛለች፤ ለራሷ ነው ያለችው። ጉም ወርዶ ነበር። በመንገዱ ዳር ያሉት የእህል ጎተራዎች ማማ አይታይም፤ የከብት ማድለቢያው ሽታ ብቻ በመስኮቱ እየገባ የት እንደደረሱ ይነግራቸዋል። ባው ሜ ገና ከከተማው ሳይወጡ ተኛ።

በዚያ መንገድ ላይ በጠዋት ከፊት የሚመጣው ከብት የጫነ ከባድ መኪና ነው። ከሰዓት በኋላ እነ ፓቲ የሚቆርጧቸውን ከብቶች በጠዋት ወደ ፋብሪካው ያመጣል። በጎኑ ባሉት ቀዳዶች የከብቶቹ ዓይን ይታያል። ሌር ዋ ከእነዚህ መኪኖች አንዱ ሲያልፍ ሁልጊዜ ፊቷን ታዞር ነበር። ያን ጠዋት ሁለት አለፉ።

ሌር ዋ ሳለች። አገጩ ቀና አለ።

«ፓቲ፣ የአባትዎ ዝሆን . . .»

«ሰንሰለቱን ጎትቶ» አለ ፓቲ፣ ከመካከል ጀምሮ። «ሰንሰለቱን እየጎተተ ወንዙ ድረስ። አባቴ ዱካውን ሳይሆን ድምፁን ተከተለ። ድምፁ ማዶ ሲሆን . . .»

እዚያ ላይ ቆመ። ቃል እየፈለገ መሰላት። ጠበቀችው። መኪናው በቀስታ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ወደ መሐል መስመር ዘመመ። እንደገና ሳለች። ፔርሙዙን ጣለች። ከቆርቆሮው ኩን አወጣች፤ እጇን ወደ አፉ አቅራቢያ ዘረጋች።

«ፓቲ፣ ኩን» አለች።

በሹክሹክታ ነው ያለችው። ከጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ከፍ ብሎ መጣ። ያን ጊዜ ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች አታውቅም።

ባው ሜ የሚያስታውሰው ከብቶቹን ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ከባዱ መኪና በጎኑ ተኝቷል፤ ዙሪያውን ከብት ቆሟል፤ ጉሙ ውስጥ ይተነፍሳሉ፤ አንዱ በተሰበረው መስኮት አፍንጫውን አስገብቶ አየው። የከባዱ መኪና ሹፌር ክንዱን ይዞ ማንንም ሳያይ ይጣራ ነበር። ፓቲ ሰው ሳይደርስለት አርፏል። ሌር ዋ ግንባሯ ተሰንጥቆ ወንበሯ ላይ ነበረች። የአምቡላንስ ሰው የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግቶ ከውስጥ የተጨፈለቀ ቅጠል አወጣ።

እኔ መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ሆስተትለር መጥቶ፣ «አጎትሽ ዛሬ ምን ሆነ? ቀርቶ አያውቅም» አለኝ።

ባው ሜ ለፖሊሱም፣ ለፓስተሩም፣ ለእኔም ጉሙ ነው ይላል። ሌር ዋ እንቅልፍ ነው ትላለች። ባው ሜ ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር።

ሦስት ማታ አዳራሹ ውስጥ ጸሎት ተደረገ። ዩስሌይዲ በመጀመሪያው ማታ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ሄደች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለቀብር ስንነሣ የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ ሊነዳ የገባው ዲያቆኑ ፓቲ ኤ ክሉ ነበር። ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ጸሎቱ ላይ ያነጋ ሰው ነው። እኛ እየገባን ሳለ ሞተሩን አስነሣ፤ አገጩ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

ሁላችንም አይተናል። ከኋላ አንድ ሰው ሳል አሰማ። «ፓቲ፣ ውሃ ይፈልጋሉ?» አለ ሌላው። ከአጠገቤ ያለችው ሴት ከቦርሳዋ ቆርቆሮ አውጥታ ኩን መጠቅለል ጀመረች። የሟች ሚስት እጆቿን ትመለከት ነበር።

ሌር ዋ ገና አልገባችም። ግንባሯ ላይ ፋሻ አለ። ዞራ በሹፌሩ በኩል ሄዳ በሩን ከፈተች።

«ፓቲ፣ ተኝተዋል። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አልተኛሁም፣ ልጄ» አለ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ተኝተዋል!»

ድምፅዋ ደጅ የቆሙትን ሁሉ አስዞረ። ባው ሜ አንገቱን ደፋ። ኩን የምትጠቀልለው ሴት፣ «በቀብር ቀን! አታፍርም እንዴ ይህቺ?» አለች፤ ሌር ዋ እንድትሰማ አድርጋ። ሌር ዋ እጇን እንደዘረጋች ቆመች። ዲያቆኑ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረ፣ ወረደ። እሷን ሳያይ በጎን በር ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ።

ሌር ዋ በሹፌሩ ወንበር ተቀመጠች፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ ሁለት ሰዎች መተላለፊያው ላይ ቆሙ፤ እዚያ የሄደ ግን የለም። የሟች ሚስት ከመካከላችን ተነሣች። በሰዎቹ መካከል አልፋ፣ ወርዳ፣ ዞራ የፊቱን በር ከፈተችና ገባች። ቀበቶዋን አሰረች።

መቃብሩ ኩርባው አጠገብ ነው። ሌር ዋ እዚያ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ነበሩ። ከፊት ከብት የጫነ መኪና መጣ፤ በጎናችን አለፈ። ከኋላ የሳለ ሰው አልነበረም።